ስለቷን ያስገባች ሴት

አንዲት ሴት ነበረች።

አትቁነጥነጥ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «የኔታ፣ ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ወደቀ። በሽማግሌ ፊት ይቅር አልኩት፤ ተቃቅፈን ተሳሳምን። ሦስት ወር ሳይሞላ ቂሙ እንደ በፊቱ ተመለሰብኝ። ያኔ ይቅር ያልኩት በውሸት ነበር ወይ?» ነው ያልከኝ። እኔ ደግሞ በአዎና በአይደለም የሚያልቅ ነገር አልወድም። አንዲት ሴት ነበረች ብያለሁ፤ ቁጭ በልና ስማኝ።

ይህች ሴት በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ ሰፊ ነበረች። እውነተኛ ስሟን ለራሷ እንተውላትና ትርንጎ እንበላት። የሙሽራ ቀሚስ፣ የቄስ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ያመጡላትን ሁሉ ትሰፋለች። ከእሷ መኪና የወጣ ልብስ ስፌቱ አይተረተርም፤ ስለዚህ ቀልደኞቹ «ትርንጎ የሰፋችውን ልብስ ልጅ ይወርሰዋል» ይሉ ነበር። ለእሷ ግን የሚወርስ ልጅ አልነበራትም። ከባሏ ጋር አሥር ዓመት ኖራ አላረገዘችም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ደም ይፈስሳት ጀመር። ለማንም አልተናገረችም። የማህፀን ነገር ነዋ! ራስ ምታት ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ሻሽ ይዞ ይመጣል፤ ጥርስ ቢሆን መንደሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል፤ ከእምብርት በታች ሲሆን ግን ሴት ብቻዋን ትታመማለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እሷም ታውቀዋለች። ማወቅና ማድረግ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ዓመት ሙሉ ደበቀችው።

በመጨረሻ ፊቷ እንደ ነጠላዋ ሲነጣ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ሄደች። ዕጢ ነው ተብላ ማህፀኗ ወጣ። የወጣው ዕጢ ሲመረመር ግን ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ያውም እንደ ሌላው የታወቀ አይደለም፣ ብዙ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ሳያየው ጡረታ የሚወጣ ዓይነት ነው። እንደገና ገብታ እንቁላል ማምረቻዎቿንም አወጡላት። ሳንባዋን በራጅ ሲያነሱት ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታዩበት። እነዚያን በቢላ ማውጣት አይቻልም ነበር።

ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር ወጣት ሴት ነበረች። ወንበሯን ወደ ትርንጎ አስጠግታ ነገሩን አስረዳቻት።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይሄ ካንሰር ቀርፋፋ ነው። ግን የሚያድገው የራስሽን ሆርሞን እየበላ ነው። እንቁላል ማምረቻሽን ብናወጣውም ሰውነትሽ ከሌላ ቦታ ጥቂት ጥቂት ማመንጨቱን አይተውም። ይሄ ክኒን ያንን ይከለክልልሻል። በየቀኑ አንድ ትውጫለሽ።»

«ይገድለዋል?»

«ያስርበዋል። ሲርበው ያንሳል፤ ከቀናም ይተኛል።»

«ከተኛ በኋላስ?»

«እንዳይነቃ ትውጫለሽ።»

ትርንጎ ይህን በደንብ ሰማች። በኋላ ያደረገችውን ያደረገችው ሳይገባት ቀርቶ እንዳይመስልህ፤ ከእኔና ከአንተ ይበልጥ ገብቷታል።

ከሐኪሟ ክፍል ወጥታ መድኃኒቱን ለመቀበል ወረፋ ያዘች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሰው አላቸው፤ አንዷን እህቷ፣ ሌላዋን ልጇ ደግፏታል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። «የእኔ የጡት ነው።» «የእኔ የማህፀን በር ነው።» ወደ እሷም ዞረው «ያንቺስ?» አሏት። ምን ትበል? ሕመሟ የአማርኛ ስም እንኳ አልነበረውም። ሐኪሟ ብትነግራትም አፏ ላይ አልዞር ብሏት ትታዋለች። «የእኔ ሌላ ነው» አለች፤ ሴቶቹም ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ካርድ የሚመዘግበው ሰው ቀና ብሎ «አስታማሚሽ የት አለ?» ሲላት «እኔው ነኝ» አለችው። እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከሆስፒታሉ በር ስትወጣ፣ መንገደኛው ግራና ቀኝ እየገፋት፣ በሆዷ ተሳለች። «ሚካኤል አባቴ፣ ይሄን ነገር አስታግስልኝ። አስታግስልኝና ለኅዳርህ በገዛ እጄ ሰፍቼ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ።» ልብ በል፤ ነቅለህ ጣልልኝ አላለችም። አስታግስልኝ ነው ያለችው።

ባሏ የከባድ መኪና ነጂ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ማህፀኗ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ በሁለት ሳምንት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ ይመጣ ጀመር። ቆይቶ ከሌላ ከተማ ልጅ መውለዱ ተሰማ። አልረገመችውም። ሸሚዞቹን ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ በረዳቱ እጅ ላከችለት፤ ለረዳቱም ምሳ አበላችው። ረዳቱ ከሄደ በኋላ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የሚሰፋ ነገር ፈለገች፤ ያን ቀን የሚሰፋም አልነበረም።

ክኒኑን ግን በየጠዋቱ ትውጥ ነበር። ክኒኑም ዝም ብሎ የሚዋጥ አልነበረም። በነሐሴ ብርድ ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ ሲደርብ፣ እሷ ከደረቷ የሚነሣ ወላፈን ፊቷን እየለበለባት በቁራጭ ጨርቅ ታራግባለች። ከሁሉ የከፋው ግን እጇ ነበር። ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ ደርቀው አይታጠፉም፤ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ይጠዘጥዛታል። ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ አሽታ፣ መርፌ እስክትይዝ ድረስ ፀሐይ ከፍ ይላል። ልብስ ሰፊ ነች፤ ያለ ጣት ምን አላት?

በዚህ ሁኔታ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። በየስድስት ወሩ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ ሳንባዋን ታስነሣለች፤ በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሟ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ነጠብጣቦቹ አንሰዋል፤ አንደኛውማ ጠፍቷል። «ክኒኑ ሠርቷል። ቀጥዪ፤ በመጋቢት ነይ» አለቻት። ትርንጎ ወደ ከተማዋ ስትመለስ በመስኮቱ እየተመለከተች አለቀሰች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ኀዘን የደረሰባት መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። «አሜን» አለችው፤ ለማያውቁት ሰው ምኑ ይነገራል?

ሚካኤል እንዳስታገሰላት አወቀች፤ ስለቷንም ልትከፍል ተነሣች። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ገዛች፤ ወርቃማ ዘርፍም ገዛች። በዚያ በደረቀ ጣቷ ሁለት ወር ሙሉ ሰፋችው። እንዲያ ያለ ጃንጥላ በዚያ ደብር ገብቶ አያውቅም ይላሉ ያዩት።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ፣ ስለት የሚነገርበት ሰዓት ደረሰ። ነጋሪው ቀደም ብሎ «ምን ልበልልሽ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «ታምሜ ነበር፤ አሳነሰልኝ በልልኝ» ብላዋለች። ሰውዬው ማይክራፎኑን ጨበጠ። እኔም በወጣትነቴ ጨብጬው አውቃለሁ፤ ሲጨብጡት ምላስ ይረዝማል። «ሐኪም በቃሽ ብሎ የመለሳት፣ መድኃኒት ያልደፈረው ካንሰር፣ በመልአኩ አማላጅነት ከነሥሩ ተነቅሎ የወደቀላት እህታችን እነሆ!» አለ።

እልልታው ግቢውን አናወጠው። ሴቶች አቀፏት፤ አሮጊቶች ጉንጯን ዳበሷት፤ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ሳመችው። ከዓመት በላይ ከሐኪም እጅ በቀር የማንም እጅ አልነካትም ነበር። «አይ፣ ገና ነኝ» ማለት ነበረባት። አላለችም። አንተም እንዳትፈርድባት፤ ብቸኛ ሰው ሲያቅፉት «ለምን አቀፋችሁኝ?» አይልም። ደስ አላት፤ እውነቱ ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ክኒኑን አወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያም ዐሳብ ገባት። ስለት የሚገባው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ትናንት በታቦቱ ፊት፣ በሕዝብ ፊት፣ ተፈጸመልኝ ብዬ ጃንጥላ አስገብቻለሁ። ዛሬ ክኒን ብውጥ ምስጋናዬን መልሼ መንጠቅ አይሆንብኝም? መልአኩንስ ዋሽተሃል ማለት አይደለም ወይ? አለች።

ሐኪሟ ተዪ አላለቻትም። የንስሐ አባቷ ተዪ አላሏትም። መልአኩ እንኳን ተዪ ሊል፣ ክኒኑን እስከዚያ ድረስ በሰላም ያስዋጣት እሱ አይደለም ወይ? ግን ማንንም አልጠየቀችም፤ የምትጠይቀው ሰውም በቤቷ አልነበረም። ክኒኑን ወደ ክር ቆርቆሮዋ መለሰችው። ለዛሬ ብቻ አለች። በማግስቱም ለዛሬ ብቻ አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም።

በወሩ ጣቶቿ ተፈቱ! ጠዋት ተነሥታ እንዲሁ እጇን ብትጨብጥ ተጨበጠ። ወላፈኑም በረደላት። «ይኸው ምልክቱ!» አለች። ክኒኑ ያመጣው ሕመም ክኒኑ ሲቀር ቀረ፤ እሷ ግን ካንሰሩ የለቀቃት መሰላት። ሥራ በረከተላት። የሚካኤል ማኅበርተኞቿ ከፍ አድርገው ያስቀምጧት ጀመር፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እየጠራት «ንገሪልን እስኪ» ይላታል። መጀመሪያ እየፈራች ነበር የምትናገረው፤ ኋላ ኋላ ለመደችው። መጋቢት መጣ፤ ሆስፒታል አልሄደችም። መመርመር ራሱ መጠራጠር ሆነባት።

በሐምሌ ደረቅ ሳል ያዛት። ብርድ ነው አለች። ሳሉ አልለቅ አለ፤ ቀኝ ጎኗንም ይወጋት ጀመር። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጠራት።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ ይህችን ሴት እያት። በፊት ሲያማት ብቸኛ ነበረች፤ ያኔ ግን ቢያንስ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። አሁን ከተማው በሙሉ ያውቃታል፤ አውቆም ድናለች ይላታል። ለጎረቤቷ «ተመለሰብኝ» ብትል ጎረቤቷ ምን ትላለች? ወይ እምነትሽ ጎደለ ትላታለች፣ ወይ በመልአኩ ላይ አፏን ትከፍታለች። ሁለቱንም ፈራች። ያቀፏት እጆች ሁሉ አሁን ከቧት የቆመ አጥር ሆኑባት። ሳል ሲመጣባት አፏ ውስጥ ነጠላ እየጎሰጎሰች የምትስቅ ትመስል ነበር።

«ጨርቅ ልገዛ ነው» ብላ ዋሽታ ወደ ትልቁ ከተማ ተሳፈረች። ሐኪሟ አዲሱን ፎቶ ከድሮው ጎን ሰቀለችው። ሁለቱን እያስተያየች ጠየቀቻት።

«ክኒኑን መቼ አቆምሽ?»

«ከኅዳር።»

«አሳመመሽ?»

«እሱስ አሳምሞኛል። ያቆምኩት ግን ለዚያ አይደለም።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፦ ስለቱን፣ ጃንጥላውን፣ ማይክራፎኑን። በሦስት ዓመት ውስጥ እውነቱን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ አልሳቀችም።

«እናቴም ትሳላለች» አለቻት። «እትዬ ትርንጎ፣ ጃንጥላው ደግ ነው፤ ማንም አይወስድብሽም። ካንሰሩ ግን ስምንት ወር ሙሉ ያለ ከልካይ ሲበላ ከርሟል። አዳዲስ ነጠብጣቦች አሉ። ክኒኑን እንደገና እንጀምር።»

«ይሠራልኛል?»

«ሊሠራ ይችላል። ላይሠራም ይችላል። በጥቅምት መጨረሻ ነይና እናየዋለን።»

ተመልሳ ክኒኗን ጀመረች፤ በሯን ቀርቅራ፣ እንደ ሌባ። ጣቶቿ መልሰው ደረቁ። ሰው ሲጠይቃት ክረምቱ ነው ትላለች፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ክረምቱ ነው ትላለች። አንዳንዴ ክኒኑን አንሥታ «አንተን የማውቅህ እኔ ብቻ ነኝ» ትለው ነበር። ሰው ከክኒን ጋር ሲያወራ ብቸኝነቱ ምን ያህል እንደሆነ አንተው ገምት።

ጥቅምት ዐሥራ ሁለት የማኅበሩ ቀን ነበር። ለቅዳሴ በማለዳ ስለወጣች፣ ሳትቀምስም ልታስቀድስ ስለፈለገች፣ የዕለቱን ክኒን በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ያዘች፤ ቤቷ ስትመለስ ልትውጠው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ግን ማኅበርተኞቹ በዚያው ይዘዋት ወደ ባለተራዋ ቤት ሄዱ። የንስሐ አባታቸው ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲዞር፣ ሰብሳቢዋ አንዲት ማንም የማያውቃት ሴት በእጇ ይዛ ገባች። ልጅ እግር ናት፤ ቀለበቷ ገና አዲስ ነው፤ አይኖቿ ግን ያረጁ ናቸው።

«ትርንጎ፣ ላንቺ ነው ያመጣኋት» አለች ሰብሳቢዋ፤ ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የእህቴ ምራት ናት። የጡት ካንሰር አለብሽ ብለዋት፣ ቀዶ ጥገና አድርገውላት፣ አሁን ደግሞ አምስት ዓመት ክኒን ትውጫለሽ ይሏታል። አምስት ዓመት! ያንቺን ነገርኳት። እምነት ካለሽ እንደሷ ጣይው አልኳት፤ ይኸው ከጣለችው ሦስት ሳምንቷ ነው። ልቧ ግን እየዋለለ አስቸገረኝ። እስኪ በአፍሽ ንገሪያትና ትጽና።»

 ልጅቱ ትርንጎ እግር አጠገብ ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየቻት።

ትርንጎ ሁለት መንገድ ነበራት። ዝም ብትል ወይም የለመደችውን ብትናገር፣ ክብሯ በቦታው ይቀመጣል፤ ይህች ልጅ ግን ሄዳ ትሞታለች። እውነቱን ብትናገር ልጅቱ ትተርፍ ይሆናል፤ እሷ ግን በከተማው ውስጥ ያላት ነገር ሁሉ፣ ያ እቅፍ፣ ያ ከፍ ያለ ወንበር፣ በአንድ ቃል ይሄዳል።  ሳሏም መጣባት፤ በዚህ ጊዜ ግን አልደበቀችውም፤ ሰው ሁሉ እያየ እስኪወጣላት ሳለች።

«ውሃ ስጡኝ» አለች።

ውሃ መጣ። ትርንጎ የመሐረቧን ቋጠሮ ልትፈታ ሞከረች፤ ጣቶቿ እምቢ አሏት። ልጅቱ እጇን ዘርግታ ፈታችላት። ክኒኑ መዳፏ ላይ ወጣ። ትርንጎ ሁሉም እንዲያዩት ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ከዚያ አፏ ውስጥ ከተተችውና በውሃው ዋጠችው።

«አልዳንኩም እህቴ» አለች። «ሚካኤል አስታገሰልኝ፤ እኔ ነቀለልኝ አስባልኩ። ይሄን ክኒን ጣልኩትና ተመለሰብኝ። አሁን ይሥራልኝ አይሥራልኝ አላውቅም። አንቺ ገና ሦስት ሳምንትሽ ነው። ዛሬ ቤትሽ ገብተሽ ዋጪ።»

ሰብሳቢዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ታዲያ ያ ሁሉ እልልታ ምን ነበር? መልአኩን ልታሰድቢው ነው? ጃንጥላውስ?»

«እልልታው የዚያች ቀን ነው፤ እውነትም ነበር» አለች ትርንጎ። «ያን ቀን አስታግሶልኝ ነበርና አመሰገንኩት። ጥፋቴ ማመስገኔ አይደለም። አንዴ ካመሰገንኩ ወዲያ የሚቀረኝ ሥራ የለም ማለቴ ነው።»

የንስሐ አባትየው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ» ብቻ ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት።  ማኅበሩ ያለወትሮው በጊዜ ተበተነ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እያወሩ ሄዱ። ከትርንጎ ጋር ማንም አልሄደም። በአቧራማው መንገድ ብቻዋን ወደ ቤቷ ገባች፤ በሩን ግን አልቀረቀረችውም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነች ካልከኝ፣ እንደ ተረት አሳምሬ አልነግርህም። ስፌት የሚያመጡላት ሰዎች ቀነሱ። አንዳንዶቹ ሰላምታ ነሷት። ወደ ኅዳር ሚካኤል ስትሄድ አጠገቧ ያለው ቦታ ክፍት ነበር። ልጅቱ ግን ክኒኗን ጀምራለች፤ በወር በወር ትርንጎ ቤት እየመጣች ቡና ሳይሆን ሻይ ትጠጣለች፤ ቡና አይስማማትም። በዚያው በጥቅምት መጨረሻ ትርንጎ ስትመረመር ካንሰሩ አላነሰም፤ አላደገምም። ሐኪሟ «ቆሟል፤ ይበቃናል» አለቻት። ትርንጎም በየጠዋቱ አንድ ትውጣለች። ለነገው ዛሬ አትውጥም፤ የትናንቱም ለዛሬ አይሆንላትም።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። አንተ ነህ ያቺ ሴት።

በሽማግሌ ፊት ወንድምህን ይቅር ያልከው በውሸት አልነበረም። የዚያን ቀን እውነት ነበር፤ እንባህንም አይቻለሁ፣ እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌው መረቀ፤ ሰፈሩ «ታረቁ» አለ፤ አንተም ጃንጥላህን አስገባህ። ከዚያ ወደ ቤትህ ገብተህ ነገሩ አለቀ ብለህ ተኛህ። ቂም ግን በአንድ እርቅ አይሞትም። ይርበዋል። ሲርበው ያንሳል፤ ከቀናህም ይተኛል። የሚበላው ደግሞ ከሌላ ከየትም አይደለም፤ ከገዛ ራስህ ነው። በየጠላ ቤቱ በተቀመጥክ ቁጥር «እናታችን ስትቀበር አልደረሰም» ትላለህ። ባልከው ቁጥር አጎረስከው። ሦስት ወር ሙሉ ስትቀልበው ከርመህ አሁን ለምን ወፈረ ብለህ ትጠይቀኛለህ!

ደግሞ የከፋው እሱ አይደለም። የከፋው፣ ሰው ሁሉ ታርቋል ስለሚልህ ለማንም መናገር ማፈርህ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያልክ ራስህን ትሰድባለህ፤ ቅዳሴም የቀረኸው ለዚያ ነው፤ አውቄዋለሁ። ወንድሜ፣ የተመለሰበት ሰው ውሸታም አይደለም፤ በሽተኛ ነው። በሽተኛ ደግሞ መድኃኒቱን ይውጣል። ለዘለዓለም ይቅር በለው አልልህም፤ ማን ይችለዋል? ዛሬን ይቅር በለው። ነገ ስትነሣ ደግሞ፣ ፊትህን ሳትታጠብ፣ የነገን ይቅር በለው። ጣትህን ያደርቀዋል፤ አዎ፣ ያማል። ሰው «ታርቀህ የለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅህ «እየታረቅሁ ነው» በለው፤ አትፈር።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ መናገሬ ነውር ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው እዚሁ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀምጦ ነበር። «የኔታ፣ ይቅር ተብያለሁ፤ እኔ ግን ራሴን ይቅር ማለት አቃተኝ፤ በየጠዋቱ የእናቴ ቀብር ይመጣብኛል፤ የምነግረው ሰውም የለኝም» ብሎ አለቀሰ። ስሙን አልነግርህም። አፍንጫችሁ ግን አንድ ነው።